‹‹ቻይና ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር››፦ ደላላው የሚሸጠው ምንድን ነው?

ዲግሪ ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት በሞላበት አገር ‹‹ቻይና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ትፈልጋለች›› የሚል ወሬ ሲነፍስ ጆሮውን የማያቆም የለም። ወሬው ቢቸናም ደርሷል፣ ሞጣም ደርሷል። በቴሌግራም የሚዘዋወረው ማስታወቂያ አጭር ነው፦ ጓንዡ ከተማ፣ በወር ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ዩዋን፣ ቤት በነፃ፣ ዲግሪ ካለ በቂ ነው፣ ‹‹ፕሮሰሱን እኛ እንጨርሳለን››። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የሚከፈለው ገንዘብ ግን አልተጻፈም። እሱ የሚነገረው ሲደወል ነው።

ይህን የምጽፈው ሥራ ፍለጋ አገር ጥሎ መሄድን ለማውገዝ አይደለም። እኔም ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ ቋሚ ሥራ ሳላገኝ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር የቢቸና ልጅ ነኝ። ‹‹አገራችሁን ውደዱ፣ እዚሁ ሥሩ›› ብዬ ለመስበክ ሞራሉም የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ደላላው የሚሸጥልን ሥራ አይደለም። የሚሸጥልን መረጃ ማጣታችንን ነው። በሩ ለእኛ ፓስፖርት በአብዛኛው የተዘጋ መሆኑን እሱ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። በመቶ ሺዎች ብር የምትቸበቸበው ይህቺው ልዩነት ናት።

በመጀመሪያ ሰው ለምን እንደሚያምን እንነጋገር፤ ሞኝ ስለሆነ አይደለምና። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የአንድ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው። ግን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ የተሻሻለው ደመወዝ በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ መቶ ዶላር አይሞላም። ያውም ሥራው ከተገኘ ነው። የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ልጅ ከዚህም በታች ይቀበላል፣ በክረምት ደግሞ ጭራሽ የማይከፈለው አለ።

አሁን የማስታወቂያውን ቁጥር እንይ። አንድ ዩዋን በባንክ 20 ብር ገደማ ነው ብለን ብናሰላ፣ 15 ሺህ ዩዋን ማለት 300 ሺህ ብር ነው። ይህ የ11,500 ብር ደመወዝተኛ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። በአንድ ወር! እንዲህ ያለ ልዩነት ፊቱ ላይ የተደቀነበት ወጣት ቢያምን ምን ይገርማል? ከተማዋም የማትታወቅ አይደለችም። ጓንዡ ማለት የመርካቶ ነጋዴ ዕቃ የሚያመጣባት ከተማ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ጓንዡ ከመደበኛ መዳረሻዎቹ አንዷ ናት። የጎረቤት ልጅ ሄዶ ጫማና ስልክ ጭኖ ሲመለስ አይተናል። ታዲያ ነጋዴው ከሄደ አስተማሪው ለምን አይሄድም?

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ነጋዴው የሚሄደው ለንግድ ጉብኝት በሚሰጠው የኤም ቪዛ ነው። ገዝቶ ይመለሳል። በዚህ ቪዛ ቻይና ውስጥ ተቀጥሮ ደመወዝ መብላት ክልክል ነው። ለሥራ የሚሰጠው ዜድ ቪዛ ነው። ዜድ ቪዛ ለማግኘት ደግሞ ቀጣሪው አስቀድሞ ከቻይና መንግሥት የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ማውጣት አለበት። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ሰውየው ገና አዲስ አበባ እያለ ነው።

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን፣ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቄ ሞጣ ደርሼ ነበር። አብሮኝ የተማረ ልጅ አለ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቋል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል፣ ሁለት ዓመት በግል ትምህርት ቤት አስተምሯል። ደላላው 380 ሺህ ብር ጠይቆታል፤ ግማሹ በቅድሚያ። እኔ ‹‹አያ›› እያልኩ የማከብራቸው አባቱ ገበሬ ናቸው። ያላቸው ጥንድ በሬና የባሕር ዛፍ መደብ ነው። ቡና ተፈልቶ ቁጭ እንዳልን፦

‹‹ልጄ፣ ሒሳቡን የተማርሽው አንቺ ነሽ። ባሕር ዛፉን ልሽጠው ወይስ ይቆይ ትያለሽ?›› አሉኝ።

‹‹አያ፣ እስቲ መጀመሪያ ወረቀቱን ልየው›› አልኳቸው።

ወረቀቱ መጣ። በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የግብዣ ደብዳቤ ነው፣ ቀይ ማኅተም አለው። የጋበዘው ግን ትምህርት ቤት አይደለም፤ የንግድ ድርጅት ነው። ምክንያቱ ‹‹ለንግድ ጉብኝት›› ይላል። የቪዛው ዓይነት ኤም ነው። ‹‹አስተማሪ›› የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ጓደኛዬን ስጠይቀው ‹‹እዚያ ከገባህ በኋላ ይቀየራል ብሎኛል›› አለኝ። ባሕር ዛፉ እስካሁን አልተቆረጠም። ‹‹ለሰነድ ማዘጋጃ›› ተብሎ የተሰጠው 40 ሺህ ብር ግን ሄዷል፤ ደላላውም አሁን ስልክ አያነሳም።

እሺ፣ ደብዳቤው ትክክለኛ ቢሆንስ ኖሮ? ጓደኛዬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ መቀጠር ይችል ነበር? ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው።

ቻይና በ2009 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ባዋለችው የውጭ ሠራተኞች ፈቃድ ሥርዓት ሠራተኛውን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብላ በሦስት ትመድባለች። አስተማሪ በአብዛኛው ቢ ውስጥ ይገባል። ስለ ቋንቋ አስተማሪ የተጻፈው መስፈርት እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው፦ የውጭ ቋንቋ አስተማሪ በመርህ ደረጃ የአገሩን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር አለበት፤ የመጀመሪያ ዲግሪና የሁለት ዓመት የቋንቋ ማስተማር ልምድም ሊኖረው ይገባል። በትምህርት ወይም በቋንቋ የተመረቀ፣ ወይም ተቀባይነት ያለው የማስተማር የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ከልምዱ ነፃ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው መስፈርት ግን ነፃ የሚያወጣ ዲግሪ የለም።

ልብ በሉ፤ መስፈርቱ የሚያየው የሰውየውን እንግሊዝኛ ሳይሆን የሰውየውን አገር ነው። በተግባር በአብዛኛው ተቀባይነት ያላቸው ፓስፖርቶች የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የአየርላንድና የደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከአፍሪካ አንዲት ደቡብ አፍሪካ ብቻ። እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋቸው የሆነው ናይጄሪያና ጋና እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ኢትዮጵያ እንዴት ትኖራለች?

እውነቱን ለመናገር መስፈርቱ ፍትሐዊ አይደለም። ይህን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። በአባቶቻችን ዘመን በየአውራጃው ከተማ እንግሊዝኛና ሒሳብ ካስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየትምህርት ቤቱ ተሰማርተዋል። ከእነሱም መካከል ከዚያ በፊት አስተምረው የማያውቁ፣ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ሕንዱ አስተማሪ እንግሊዝኛ የአፉ መፍቻ አልነበረም፤ ሰዋስው በማስተማር ግን ማን ይስተካከለው ነበር? በዛሬው የቻይና መስፈርት ያ ሕንዳዊ አስተማሪም አያልፍም። ግን ፍትሐዊ አይደለም ማለት የለም ማለት አይደለም። ቪዛ የሚሰጠው ሰው የሚያየው መስፈርቱን እንጂ የእኛን ቅሬታ አይደለም።

የሚያስቀው ነገር፣ በዚህ መስፈርት ቃል በቃል ከሄድን የሞጣው ጓደኛዬ ቻይና ውስጥ ሊያስተምር የሚችለው ቋንቋ አማርኛ ነው! ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በቤጂንግ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ይሰጣል። ለዚያ የሚፈለጉት ሰዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ገበያው ራሱ ነው። ደላላው የሚያወራው ስለ ዛሬዋ ቻይና ሳይሆን ከአሥር ዓመት በፊት ስለነበረችው ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የቻይና መንግሥት የተማሪዎችን ጫና ለመቀነስ ብሎ ባወጣው ውሳኔ፣ በግዴታ ትምህርት ዕድሜ ላይ ላሉ ልጆች በዋና ዋና ትምህርቶች የሚሰጥ የማስጠናት ሥራ ለትርፍ እንዳይሠራ አገደ። እንግሊዝኛም በዚህ ውስጥ ወደቀ። ውጭ አገር ያሉ መምህራንን ቀጥሮ በኢንተርኔት ማስተማርም ተከለከለ። በዘርፉ ግዙፍ ከነበሩት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኒው ኦሪየንታል በዚያው ዓመት ብቻ 60 ሺህ ሠራተኞች ማሰናበቱን መሥራቹ ራሱ ተናግሯል። የሕፃናቱም ቁጥር እየቀነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቻይና ውስጥ 17.86 ሚሊዮን ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ በ2023 የተወለዱት 9.02 ሚሊዮን ናቸው። በ2023 ብቻ የአገሪቱ መዋዕለ ሕፃናት ቁጥር በ14 ሺህ 800 ቀንሷል። ለውጭ አገር እንግሊዝኛ አስተማሪ ሰፊ በር የነበረው ደግሞ ይኸው መዋዕለ ሕፃናትና የማስጠኛ ማዕከል ነበር።

‹‹ቢሆንም ብዙዎች ገብተው እየሠሩ ነው›› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያለ ትክክለኛ ፈቃድ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ከየአገሩ አለ። የሚከፈለውን ዋጋ ግን እንይ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቻይና የመውጫና የመግቢያ ሕግ፣ ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5 ሺህ እስከ 20 ሺህ ዩዋን እንዲቀጣ ያዝዛል። ጥፋቱ ከባድ ነው ከተባለ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ከአገር መባረርም ሊከተል ይችላል። 20 ሺህ ዩዋን በእኛ 400 ሺህ ብር ገደማ ነው። ደላላው ከጠየቀው ይበልጣል! በዚያው ሕግ ያለ ፈቃድ ሥራ ያስገባው አገናኝ የሚቀጣው ደግሞ በአንድ ሰው 5 ሺህ ዩዋን ነው። አያችሁት? ለሠራተኛው ትንሹ ቅጣት የሆነው ለአገናኙ የአንድ ሰው ሒሳብ ነው። የእኛው ደላላ ግን ያንንም አይከፍልም። እሱ ቻይና የለም፤ ያለው ከስልኩ ጀርባ ነው።

ከቅጣቱ የሚብሰው ግን ወረቀት የሌለው ሰው መብት የሌለው መሆኑ ነው። ቀጣሪው ደመወዙን ቢከለክለው ማንን ይከሳል? ቢከስ ራሱን ማጋለጡ ነው። ቢታመም ሆስፒታል መሄድ ይፈራል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰሞን ጓንዡ ውስጥ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ሲባረሩ ዓለም አይቷል፤ የአፍሪካ አምባሳደሮችም ለቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጽፈዋል። ያኔ ትክክለኛ ወረቀት የያዙት እንኳ መንገድ ላይ አድረዋል። ያልያዘውማ ምን ይላል?

ከሁሉም የከፋ ሌላ መንገድም አለ። ‹‹እንግሊዝኛ ይችላል፣ ኮምፒውተር ይነካል፣ የተማረ ነው›› የሚባል ወጣት የሚፈልጉት ትምህርት ቤቶች ብቻ አይደሉም። በምያንማርና በታይላንድ ድንበር ላይ ያሉት የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ልጅ ነው። ማስታወቂያቸው ‹‹የደንበኞች አገልግሎት››፣ ‹‹የኮምፒውተር ጽሑፍ›› ይላል፤ ደመወዙም በዶላር ነው። ባንኮክ የደረሰው ወጣት የሞኢን ወንዝ ተሻግሮ ራሱን ሚያዋዲ ውስጥ፣ አጥር ግቢ ውስጥ ያገኘዋል። ሥራው ዓለም ላይ ያለውን ሰው በፍቅርና በኢንቨስትመንት ስም ማጭበርበር ነው፤ እምቢ ያለ ይደበደባል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ምያንማር ውስጥ ቢያንስ 120 ሺህ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ግቢዎች በግዳጅ ሊሠሩ እንደሚችሉ ገምቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ገደማ ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከሃያ አገር ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የእኛ ልጆች! ቻይና ለማስተማር የወጣ ሁሉ እዚያ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ግን የተዘጋ በር ፊት የቆመ፣ ገንዘቡን የከፈለና ወደ ኋላ መመለስ ያፈረ ወጣት ‹‹ጓንዡ አልተሳካም፣ ባንኮክ ግን ክፍት ነው›› ሲባል እሺ ማለቱ አይቀርም። ደላላውም ይህን ያውቃል።

ኢኮኖሚክስ ላይ ታዋቂ ጽሑፍ አለ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጻፈ። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ልዩነቱ ካልጠበበ መጥፎው መኪና ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። ሰውየው ኋላ ላይ የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። የእኛ ገበሬ ግን ያለ ኖቤልም ያውቀዋል። በቢቸና ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ‹‹ቀንበር ለምዷል ወይ?›› ብሎ ይጠይቃል፣ ከየት እንደመጣ ያጣራል፣ ዋስ ይጠራል። ታዲያ ጥንድ በሬ ሽጦ ለሚገዛው ሥራ ለምን ጥርሱን አያይም?

ጥርስ ማየት ማለት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው።

አንደኛ፣ ቪዛው ምንድን ነው? ዜድ ካልሆነ ሥራ አይደለም። ኤል የቱሪስት ነው፣ ኤም የንግድ ነው፣ ኤክስ የተማሪ ነው። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው እንኳ ከግቢ ውጪ ለመሥራት የትምህርት ቤቱና የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ‹‹እዚያ ይቀየራል›› በሚል ቃል ላይ አንድ ብር አይከፈልም።

ሁለተኛ፣ ቀጣሪው ማን ነው? በውሉ ላይ ያለው ስም፣ በሥራ ፈቃድ ደብዳቤው ላይ ያለው ስምና የሚሠራበት ትምህርት ቤት ስም አንድ መሆን አለበት። ሦስቱ ከተለያዩ ወረቀቱ ሌላ ሥራው ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚከፍለው ማን ነው? በትክክለኛው መንገድ አስተማሪ የሚፈልግ ትምህርት ቤት የአገናኙን ክፍያ ራሱ ይሸፍናል፣ ብዙ ጊዜም የአውሮፕላን ቲኬቱን ይመልሳል። የሠራተኛው ወጪ የራሱ ሰነድ ነው፦ የዲግሪው ማረጋገጫ፣ አሻራ ተሰጥቶ የሚወጣው ከወንጀል ነፃ ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የኤምባሲ ማረጋገጫ። ይህ ሁሉ ተደምሮ 380 ሺህ ብር አይመጣም።

‹‹እና በቃ ሁሉም በር ዝግ ነው?›› ብትሉኝ፣ አይደለም። እንግሊዝኛን ራሱን ማስተማር ነው ለእኛ የተዘጋው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር የቋንቋ አስተማሪ ስላልሆነ ያ የአፍ መፍቻ መስፈርት አይመለከተውም። ዲግሪው ከሚያስተምረው ጋር የተያያዘ መሆንና የሁለት ዓመት ልምድ ያስፈልገዋል። ውድድሩ ከባድ ነው፣ በሩ ግን አለ። የቻይና መንግሥት የትምህርት ዕድልም አለ። ለማስተርስ ተማሪ ትምህርቱንና መኝታውን ሸፍኖ በወር 3 ሺህ ዩዋን ይሰጣል። ለማመልከት ደላላ አያስፈልግም። እዚያው ማስተርስ የጨረሰ ሰው ደግሞ የሁለት ዓመት ልምድ ሳይጠየቅ በሙያው ፈቃድ የሚያገኝበት አሠራር አለ። አገር ውስጥም ቢሆን ቻይንኛ የተማረ ልጅ ዱከም ካለው የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ጀምሮ በየቻይና ኩባንያው ተፈላጊ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት አለው። እነዚህ መንገዶች ረዥም ናቸው፣ የአንድ ወር 300 ሺህ ብር አያስቆጥሩም። ግን ላም አለኝ በሰማይ አይደሉም።

ሕጋችንም ከደላላው በተቃራኒ ነው የቆመው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲዎች ሠራተኛ የሚልኩት ከኢትዮጵያ ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳላቸው አገሮች እንደሆነ ይደነግጋል። እንደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዮርዳኖስና ኳታር ካሉ አገሮች ጋር ስምምነት ተደርጓል። ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው ‹‹ኤጀንሲ ነኝ፣ ለቻይና አስተማሪ እልካለሁ›› ካለ፣ ፈቃዱንና ስምምነቱን እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። በራሱ ጥረት ሥራ ያገኘ ሰው ደግሞ፣ ለቤት ሠራተኝነት እስካልሆነ ድረስ፣ ውሉን ለሚኒስቴሩ አቅርቦ የሚሄድበት አግባብ አለ። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወርና ድንበር ማሻገርን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም አለን። ችግሩ የአዋጅ እጥረት አይደለም። ችግሩ አዋጁ ቢቸና አለመድረሱ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በየወረዳው ባሉት ጽሕፈት ቤቶች በር ላይ አንዲት ገጽ ወረቀት ይለጥፍ። ስምምነት ያላቸው አገሮች እነዚህ ናቸው፣ ፈቃድ ያላቸው ኤጀንሲዎች እነዚህ ናቸው፣ የቻይና የሥራ ቪዛ ይህንን ይመስላል፣ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚጠየቀው ፓስፖርት ይህ ነው ይበል። በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አታሚ ማሽንና ሙጫ ነው። እስካሁን የውጭ አገር ሥራ ትምህርት የሚሰጠው በአብዛኛው ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ ለሚሄዱ እህቶቻችን ነው። ይገባቸዋልም። ዲግሪ የያዘው ግን ‹‹የተማረ ስለሆነ አይታለልም›› ተብሎ የተተወ ይመስላል። ሚያዋዲ ግቢ ውስጥ የተገኙትን ወጣቶች ለዚያ ሥራ ተፈላጊ ያደረጋቸው ግን መማራቸው ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎችም ከምርቃት በፊት አንድ ሰዓት ይስጡ። ለመውጫ ፈተና ወራት የሚያስጠና ተቋም ስለ ውጭ አገር ሥራ ውል አንድ ሰዓት መናገር አያቅተውም። እድሮቻችንም አሉ። በገጠሩ ባሕር ዛፍና በሬ የሚሸጠው አባት የሚሰማው ቴሌግራም አይደለም፤ የእድር ዳኛውን ነው። ‹‹ለልጃችሁ ሥራ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው አሳዩ›› የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከእድር ስብሰባ ላይ ብትነገር የስንቱን ባሕር ዛፍ ታተርፍ ነበር!

በመጨረሻም ይህን ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። እነዚህ ቻይና ሊያስተምሩ የሚመኙ ልጆች እዚህ የሚያስተምሩት ጠፍቶ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። በክልላችን በግጭቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ሰላም ወርዶ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ማን ነው? ያ በግል ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያስተማረው የሞጣ ልጅ ነው። እሱን ጓንዡ የማትቀበለው በፓስፖርቱ ምክንያት ነው። እኛ የማንይዘው ግን በምን ምክንያት ነው? ደላላውን ለመርገም ሁላችንም ፈጣን ነን። ደላላው ግን ገበያ የሚያገኘው መንግሥት መረጃውን ሳይሰጥ፣ ትምህርት ቤት ደመወዙን ሳይከፍል ሲቀር ነው።

እስከዚያው ግን እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ልትሄዱ ከሆነ ሂዱ፤ መንገዳችሁ ይቅና። ወረቀቱን ሳታነቡና ሳታስነብቡ ግን በሬው አይሸጥ።

ቸር እንሰንብት!